በጣም ከፍ ብሎ የተነሳ መዝሙር

ረዥም ሸለቆ፣ ኦክላሆማ
ጃንዋሪ 14 ቀን 1979

ለእህቴ ልጅ ለኦሌታ፣

ሰላምታዬ ይህን ሁሉ በረዶ ጥሶ ካሊፎርኒያ ይድረስ። እዚያ ሙቀት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ቀልጦ ከደረሰሽ በፎጣ ጠረግ አድርገሽ አንብቢው። የእናትሽ አምላክ ይጠብቅሽ፤ ጉሮሮሽንም አብሮ ይጠብቅልሽ።

እንቁራሪቴ፣ እኔ ደህና ነኝ። መኪናው ነው ደህና ያልሆነው። ሞተሩን ራሴ ፈትቼ ራሴ ገጠምኩት፤ ስጨርስ ጥቂት ብሎኖች ተረፉኝ። ያለ እነሱም ይሄዳል። ፋብሪካው ዝም ብሎ ለጌጥ ነበር የጨመራቸው።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሰንፏል። ድሮ እኔ መዝሙር ሳነሳ ጣሪያው ምን ይሆን እንደነበር ታስታውሻለሽ። አሁን አፋቸውን ይከፍታሉ እንጂ የሚወጣ ነገር የለም። ዲያቆኑ ጂም ፓምፕኪን እንኳ፣ ያ እንደ በሬ የሚያገሳው ሰውዬ፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። "ምን ነካህ ጂም?" ስለው ኮፍያውን ገልብጦ ውስጡን ማየት ጀመረ። መልሱ እዚያ ውስጥ የተቀመጠ ይመስል።

ዘንድሮ ጁላይ አምስት እሁድ አለው። የአምስተኛው እሁድ የመዝሙር ጉባኤ ተራው ደግሞ የኛ ነው። በየሸለቆው ያለ የወገናችን የቸሮኪ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ መጥቶ ሊዘምር፣ እኛንም ሊሰማን ነው። እነዚህን ሰነፎች ይዤ እንዴት ልቁም? ሌላ ምን ልጠይቅሽ፣ መዝሙር የምታስተምሪያቸውን ልጆች ድምፅ በካሴት ቅጂና ላኪልኝ። ለነዚህ አሰማቸዋለሁ፤ ያፍራሉ። ካላፈሩ ራስሽ መጥተሽ ተቆጪልኝ። የኔን ቁጣ ለምደውታል፤ አንቺ ግን የተማርሽ ነሽ።

ጎረቤቴ ናኒ ሰላም ብላሻለች። አሁንም ከኔ በዕድሜ እንደማታንስ ትክዳለች።

አጎትሽ ዋት ኖፋየር


ቤከርስፊልድ፣ ካሊፎርኒያ
ፌብሯሪ 25 ቀን 1979

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሌሊትዎ ያለ ሳል፣ ቀንዎ ያለ ሐሳብ ይለፍ። ሰላምታዎ ሳይቀልጥ፣ እየሳቀ ደርሶኛል። መልሱን ስላዘገየሁት ይቅር ይበሉኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ካሴቱን ልኬአለሁ። ሁለተኛው መዝሙር በቋንቋችን ነው። ከልጆቹ አንዱም ቸሮኪ አይደለም፤ ብዙዎቹ የወይንና የጥጥ እርሻ ሠራተኞች ልጆች ናቸው። ቃሉን ግን ይዘውታል። ኖታ አልሰጠኋቸውም። እርስዎ እኔን እንዳደረጉኝ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ እስክሰለቻቸው ድረስ ዘመርኩላቸው። ኮሌጅ ያስተማሩኝ መምህራን ቢያዩኝ ዲፕሎማዬን ይቀሙኝ ነበር።

ለአምስተኛው እሁድ ስለመምጣቴ ዛሬ ቃል መስጠት አልችልም። ደክሞኛል፤ ግን የተለመደው ድካም ነው፤ አያስቡ።

እርስዎም የቤተ ክርስቲያኑን ዝማሬ ቀድተው ይላኩልኝ። ስንፍናቸውን በጆሮዬ ልስማው።

አክባሪዎ ኦሌታ


ረዥም ሸለቆ
ማርች 18 ቀን 1979

ለእንቁራሪቴ፣

ጤና ደጅሽ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅሽ፤ እንቅልፍ ሲመጣም በሩን ክፈቺለት።

ካሴትሽ ደረሰኝ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ ግን ምነው ያንሾካሹካሉ? ማጫወቻውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፤ አሁንም የትንኝ ድምፅ ነው። ማሽኑ ርካሽ ነው መሰል። ወዲያው ናኒ ባልዲዋን ምንጩ ዳር ጥላ እየሮጠች መጣች። "አንተ ሰውዬ! ቤትህ ውስጥ ማን ነው የሚጮኸው? ዶሮዎቼ በሙሉ ዛፍ ላይ ወጡ!" ብላ ፊቴ ላይ ጮኸችብኝ። ተመልከቺ፣ ይህቺ ሴት ባረጀች ቁጥር ጆሮዋ እየተሳለ ነው። ድመት ሆና ልታርፍ ነው።

በቋንቋችን የዘመሩት ሲደርስ አይኔ ውስጥ የምድጃ ጭስ ገባ። ምድጃው ግን አልተለኮሰም ነበር።

እሁድ ለሰነፎቹ አሰማኋቸው። አላፈሩም። እርስ በርስ ተያዩ፤ ቀጥለው ሁሉም እኔን አዩኝ። ምን እንዳዩብኝ አላውቅም፤ ሸሚዜ ንጹህ ነበር። የነሱን ዝማሬ ቀድቼ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ድሮ ስትጽፊልኝ ደብዳቤሽ በልጆች ስም የተሞላ ነበር። ያ የሸሚዙን ኮሌታ እያኘከ የሚዘምረው ኤርኔስቶ የት ገባ? አይኗን ጨፍና ስትዘምር ከመድረክ የወደቀችውስ? በመጨረሻው ደብዳቤሽ አንድም ልጅ በስሙ አልጠራሽም። እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ከደብዳቤ ውስጥ ሰው ሲጎድል ግን ይታየኛል።

አጎትሽ ዋት


ቤከርስፊልድ
ሜይ 6 ቀን 1979

ለአጎቴ፣

እጅዎን እየሳምኩ ጤናዎን እጠይቃለሁ።

ልጆቹ ጎድለዋል። ልክ ነዎት። ባለፈው ዓመት እዚህ ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ግብር ቀነሰ። በመከር ትምህርት ሲከፈት ገንዘብ የለም ተባለ፤ መጀመሪያ የቆረጡት ሙዚቃን ነው። የላክሁልዎት ካሴት የዓምና ነው። መዘምራን የሉኝም። አሁን ሥራዬ ንባብ ማስተማርና በምሳ ሰዓት የመመገቢያውን አዳራሽ መጠበቅ ነው።

አዳራሹ ሲንጫጫ ዝም ለማሰኘት እጄን አነሳለሁ። መዘምራን የነበሩት ልጆች እጄን ሲያዩ ወገባቸውን ቀና አድርገው ትንፋሽ ይስባሉ። ኤርኔስቶም ኮሌታውን ከአፉ ያወጣል። ይጠብቁኛል። እኔ ደግሞ እጄን አወርዳለሁ። በየቀኑ እንዲህ ነው፤ በየቀኑም ይሳሳታሉ።

በቢሮ በኩል የጸሐፊነት ቦታ አለ፤ ለመቀበል እያሰብኩ ነው። እውነቱን ልንገርዎትና መዝሙር መስማት አስጠልቶኛል። ሬዲዮዬን ለጎረቤት ሰጥቻለሁ።

ካሴትዎን ሰምቼዋለሁ። ስለሱ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ለመሆኑ በቅርቡ ሐኪም አይቶዎታል?

ኦሌታ


ረዥም ሸለቆ
ሜይ 20 ቀን 1979

ለኦሌታ፣

በረከት እንደ ዘንድሮው እንጆሪ ይብዛልሽ። መሬቱ ላይ ፈስሷል፤ የሚለቅመው አጥቶ ወፍ እየወፈረበት ነው።

ስለ ሥራሽ አልተቆጣሁም ብልሽ ውሸት ነው። ግን ቁጣዬ ካሊፎርኒያ እስኪደርስ መንገድ ላይ ይበርዳል፤ ስለዚህ አልላክሁትም። ጸሐፊ ስትሆኚ በአይነ ሕሊናዬ አየሁሽ። የቀሩ ልጆችን ስም በዜማ ትጠሪያለሽ፤ በሳምንቱ ያባርሩሻል። እናትሽ መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ያመጣችሽ ቀን ከእግሬ ሥር ቁጭ ብለሽ ዝማሬው ካለቀ በኋላም ቆር ቆር ማለትሽን አላቆምሽም። ሰባኪው ስብከቱን አቋርጦ ጠበቀሽ። "እንቁራሪት" ያልኩሽ ያን ቀን ነው። እንዲህ ያለ ፍጥረት ጸሐፊ አይሆንም።

ሐኪም አይቶኛል፤ ጉልበቴን። እሱም አጉረመረመብኝ። የዛሬ ሐኪሞች ሁሉ የሚያወሩት ከራሳቸው ደረት ጋር ነው።

ይልቅ ስለ ካሴቱ ለምን ዝም አልሽ? አስተማሪ አይደለሽም? የማን ጉሮሮ እንደሰነፈ በስም እየጠራሽ ጻፊልኝ። ናኒ ከሆነች ናኒ በይ፤ ጂም ከሆነ ጂም በይ። ማንንም እንዳትምሪ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሕዝቡ ፊት ቆሜ አነበዋለሁ፤ ቃሌ ነው።

አጎትሽ ዋት


ቤከርስፊልድ
ጁን 17 ቀን 1979

ለምወድዎት አጎቴ፣

ይህ ደብዳቤ በሰላም ያግኝዎት፤ ካነበቡት በኋላም ሰላምዎ አብሮዎት ይቆይ። ጀምሬ ስቀድደው ሰነበትኩ።

ካሴቱን ፒያኖ አጠገብ ተቀምጬ ሰማሁት። የመጀመሪያውን መዝሙር ከለመድነው ከፍ አድርገው አነሱት። ሁሉም ተከተሉዎት። ቀጣዩን ከዚያም ከፍ አደረጉት፤ ሴቶቹ መውደቅ ጀመሩ። ናኒ ብዙ ታገለች፤ ድምፅዋ ሲሰበር ይሰማል። ጂም ፓምፕኪን እንደ ትንሽ ልጅ በቀጭኑ ሞከረ፤ እሱም ቀረ። የመጨረሻው መዝሙር ላይ ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ድምፅዎ አሁንም ያምራል። ግን እዚያ ላይ ማንም የለም።

አጎቴ፣ ማንም አልሰነፈም። ጆሮዎ ነው የደከመው። ራስዎን ለመስማት ነው ከፍ የሚያደርጉት። የልጆቹም ካሴት አያንሾካሹክም፤ የናኒ ዶሮዎች ትክክል ነበሩ።

ለምን እንዳልነገሩዎት አውቃለሁ። እኛ ዘንድ መዝሙር አንሺ አይታረምም፤ ታላቅ ሰውም አይታረምም። እርስዎ ደግሞ ሁለቱም ነዎት። እኔም በይሉኝታ እስካሁን ዝም አልኩ። በአምስተኛው እሁድ ሸለቆው ሁሉ ተሰብስቦ እርስዎ እዚያ ላይ ብቻዎን ሲቀሩ ግን ታየኝ። እንግዶቹም በአክብሮት ጫማቸውን ሲያዩ ታየኝ። ይህን አልቻልኩትም።

ማንንም እንዳትምሪ ብለውኝ ነበር።

የእህትዎ ልጅ ኦሌታ


ቤከርስፊልድ
ጁላይ 8 ቀን 1979

ለአጎቴ፣

ደህንነትዎን ከሰማሁ ሰነበትኩ። መልስ ሳጣ የሸለቆው ስልክ ያለበት ሱቅ ጋ ደወልኩ። ባለሱቁ "በረንዳው ላይ ተቀምጧል፤ ና ስለው እጁን አወዛወዘብኝ" አለኝ።

ተቆጥተው ከሆነ ይቆጡ፤ ግን ይጻፉልኝ። አውቶቡስ ይዤ ለጉባኤው እመጣለሁ። ልዘምር አይደለም፤ አጠገብዎ ልቀመጥ ነው። እባክዎ ሰው ፊት ቁሚ አይበሉኝ። ሰው ፊት መቆም ደክሞኛል።

ኦሌታ


ረዥም ሸለቆ
ጁላይ 12 ቀን 1979

ለዚያች ምሕረት ለማታውቅ ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ለቤትሽ፣ ሰላም ለሰጠሽው ሬዲዮ።

ተቆጥቼ ነበር። ከዶሮ በቀር ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም። የተለየ ነገር እንዳልሆነ ቆይቶ ገባኝ፤ ለካ ድሮም አልሰማቸውም ነበር። ስልኩን የተውኩትም ለዚሁ ነው። ከዓመት በላይ ስልክ ሲመጣልኝ የምለው "አዎ፣ እሺ፣ አዎ" ብቻ ነው። ምን ምን እንደተስማማሁ እግዜር ይወቅ። የናኒ ወንድም ልጅ መኪናዬን ለሠርግህ እሰጥሃለሁ ብለኸኛል ይላል።

ግን ቃል ገብቼ የለ? እሁድ ከስብከቱ በኋላ መነጽሬን አድርጌ ቆምኩ። "ይህ ከካሊፎርኒያ ነው፤ እያንዳንዳችሁን በስም ይወቅሳል" አልኳቸው። ሁሉም አንገቱን ደፋ። እኔም ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ዶሮዎቹን ሳይቀር።

ስጨርስ ማንም አልተነፈሰም። ቢተነፍስም አልሰማም። "ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?" አልኩ። "ስንት ዘመን ሙታናችሁን በዝማሬ ሸኘሁላችሁ፤ አንድ ሰው ዋት ውረድ ማለት አቃተው?"

ናኒ ተነስታ መጣችና ጆሮዬ ላይ ተለጠፈች። "ወደዚያ መውጣት የፈለግህ መስሎን ነዋ! መዝሙር አንሺው አንተ አይደለህ?"

"ፈልጌ ቢሆንስ? አልተከተላችሁኝም እኮ!"

"ጉሮሮአችን እስከቻለው ተከተልንህ። ከዚያ በኋላ መንገድ ዳር ቁጭ ብለን ጠበቅንህ" አለችኝ።

ጂም ፓምፕኪንም በሌላው ጆሮዬ መጣ። "እኔማ ከገና ወዲህ ቀበቶዬን በሁለት እጄ ይዤ ነው የምዘምረው" አለ። መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላየሁም። ሲያቆሙ ግን ናኒ አይኗን በቀሚሷ ትጠርግ ነበር። እኔም ጭስ ገባብኝ አልኩ። ማንም አላመነኝም።

ነይ። ማንም ቁሚ አይልሽም። መዝሙሩን እኔ እመርጣለሁ፤ ቁጭ ብለሽ ታነሺዋለሽ። ደግሞ ያቺን ድምፅ መለኪያ ፊሽካሽን እንዳታመጪ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የሚያፏጭ ባቡር ብቻ ነው፤ እሱም ከሩቅ። ከአውቶቡስ እወስድሻለሁ። መኪናው አሁንም ያለ ብሎኖቹ ይሄዳል።

አጎትሽ ዋት


ቤከርስፊልድ
ሴፕቴምበር 9 ቀን 1979

ለአጎቴ፣

የሸለቆው ጤዛ እግርዎን አያሳምመው፤ ቤትዎም ሰው አይጣ። በሰላም ገብቻለሁ። ናኒ የቋጠረችልኝን የባቄላ ዳቦ አሪዞና ሳልደርስ ጨርሼዋለሁ።

ትምህርት ተከፍቷል። ሙዚቃ አልተመለሰም። አሁንም አዳራሽ ጠባቂ ነኝ። የጸሐፊነቱን ቦታ አልወሰድኩም፤ ለምን እንደሆነ ለራሴም በደንብ አልገባኝም። ድካሙም አለ፤ የትም አልሄደም።

ማክሰኞ አዳራሹ ተንጫጫ። እጄን አነሳሁ። እነዚያ ልጆች እንደ ልማዳቸው ቀና ብለው ትንፋሽ ሳቡ። እጄን ላወርድ ስል ክንዴ እምቢ አለ። አነሳሁላቸው፤ ያንን የኛን መዝሙር። ሹካቸውን እንደያዙ ዘመሩ። ኤርኔስቶ ድምፁ ጎርንኗል፤ ከታች በኩል ገባ። ስንጨርስ ርእሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ረቡዕ ዕለትም መጥቶ እዚያው ቆመ። ነገ ምን እንደሚል አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ሳይመልሱልኝ መጣሁ። በጉባኤው ዕለት መዝሙሩን ሳነሳ ምን ሰሙ? ጠይቄዎት ሳቁብኝ። አሁን ይንገሩኝ።

ኦሌታ


ረዥም ሸለቆ
ሴፕቴምበር 23 ቀን 1979

ለኦሌታ፣

ሰላምታዬ ከመመገቢያው አዳራሽ በር ላይ ይድረስሽ፤ ርእሰ መምህሩን ገፋ አድርጎ ይግባ።

እዚህ ሁሉም በቦታው ነው። ታሌኳ ከተማ ያለው ሐኪም ጆሮዬ ላይ የሚሰካ ነገር ሰጥቶኛል። የዶሮ ድምፅ ብቻ ያሰማኛል፤ ለናኒ አልነገርኳትም፤ ትኮራብኛለች። ከእሁድ እስከ እሁድ መዝሙሩን እኔ እመርጣለሁ፤ ናኒ ታነሳለች። አነሳሷ እንደ በር ነው፤ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ግን ይከፈታል። አንቺ ወንበር ላይ ትራሷን አስቀምጣለች። ስትመጪ አነሳዋለሁ ትላለች። መቼ ነው አላልኩሽም። ድካምሽን አይቻለሁ፤ ከአውቶቡሱ ስትወርጂ ሻንጣሽን ለመያዝ እንኳ አልተከራከርሽኝም።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። የሳቅኩት ምን እንደምል ስላላወቅሁ ነው።

ያን ቀን ወንበሩ ሁሉ ሞልቶ ሰው በመስኮት ቆሞ ነበር። የመዝሙሩን ቁጥር ተናገርኩና ወዳንቺ ዞርኩ። እጅሽ ቦርሳሽ ውስጥ ገባ። ፊሽካሽን ይዘሽ መጥተሻል ማለት ነው፣ አንቺ የማትሰሚ። በክርኔ ጎሰም አደረግኩሽ። እጅሽን ባዶውን አወጣሽ። ከዚያ አይንሽን ጨፈንሽ፤ ስለዚህ ይህን አላየሽም።

አፍሽ ሲከፈት አየሁ። ምንም አልሰማሁም። ናኒ አፏን ከፈተች፤ ጂምም ከፈተ፤ ቀበቶውን ግን አልያዘም። እንግዶቹም ገቡ። እኔ እንደ ዓሣ እያየኋቸው ቆምኩ። ፈራሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምነግርሽ ይህን ነው። ከፊቴ ያለውን ወንበር መደገፊያ በመዳፌ ያዝኩ።

እንጨቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። በእጄ ገባ፤ እስከ ክንዴ መጣ፤ ደረቴ ላይ ደረሰ። ዝቅ ያለ ነበር፤ እኔ እዚያ ድረስ ከወረድኩ ዘመን ሆኖኛል። ቀስ ብዬ ወረድኩ፤ ድምፄን ከእንጨቱ ጋር አስተካከልኩ። የናኒን ለየሁት። የጂምን ለየሁት። ያንቺንም።

ይኸውልሽ የሰማሁት። ያን ያህል ጊዜ ጥለውኝ ሄዱ ብዬ ስነጫነጭባቸው፣ ለካ ሁሉም እዚያ ታች ነበሩ።

አጎትሽ ዋት ኖፋየር